ሄደው የተመለሱ ሐውልቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ምኒልክ አደባባይ ያሳተምነው አጭር መልስ ከጠበቅነው በላይ ደብዳቤ አስከትሏል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የመሐል አዲስ አበባን ሐውልቶችና ታሪካዊ ቦታዎች በየዕለቱ በታክሲ መስኮት እያዩ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ ነገር ግን…» በሚል ነው። በዓምዱ ልማድ መሠረት የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል፤ ዓመተ ምሕረቱም፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ አባቴ የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ለሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ አርፈዋል። አዲስ አበባን በደንብ ያዩዋት በወጣትነታቸው ነው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሐል ከተማውን ላሳያቸው አስቤያለሁ። ዳገት ግን አይችሉም። ከየት ጀምሬ የት ልጨርስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ለአባትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ለእርሳቸው ጉልበት የሚስማማ መንገድ የቸርችል ጎዳና ነው። ጎዳናው ከላይ ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ እስከ ለገሃር ቁልቁል ስለሚወርድ፣ መኪናው አናቱ ላይ ካደረሳችሁ በኋላ የሚወጣ ዳገት የለም። ቁልቁለትም ቢሆን ጉልበት እንደሚያደክም እናውቃለንና፣ ሁሉንም በእግር ለመጨረስ አይሞክሩ፤ በየመካከሉ ታክሲ መያዝ፣ በየመካከሉም ቡና ማለት ይሻላል።

መጀመሪያ ምኒልክ አደባባይ ይውረዱ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሥቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ዘውዳቸውን ደፍተው የሚታዩበት ይህ የነሐስ ሐውልት ሐርተል የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት የሠራው ሲሆን፣ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ፣ ጥቅምት 23፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው አጠገቡ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዘውድ ጫኑ። ቀኑ እንዲሁ የተመረጠ አይመስለንም፤ 23 በየወሩ የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የዓድዋ ድልም የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበርና። ሐውልቱ ግን በቦታው ስድስት ዓመት ያህል እንደ ቆየ ከተማይቱን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ነቅሎ መሬት ውስጥ ቀበረው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ተቆፍሮ ወጣና ወደ ስፍራው ተመለሰ። ስለዚህ አባትዎ የሚያዩት ሐውልት አንድ ጊዜ ተቀብሮ የተነሣ ነው፤ ይህን አስቀድመው ቢነግሯቸው አስተያየታቸው ሌላ ይሆናል።

ካቴድራሉ ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ነው። የዓድዋን ድል ለማሰብ ሲሠራ የጉልበቱን ሥራ በከፊል የሠሩት በዚያው ጦርነት የተማረኩ ኢጣሊያውያን መሆናቸው ይታወቃል፤ በወረራው ዘመን ደግሞ የእነርሱ ወገኖች መልሰው በእሳት አጋዩት። ከእድሳቱ በኋላ ውስጡ በሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሞዛይክና የመስታወት ሥራዎች ተጊጧል። በግቢው ያለውን ቤተ መዘክር አይለፉት፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበሩ አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ይታዩበታል። ሴቶች ነጠላ መልበስ፣ ሁሉም ጫማ ማውለቅ እንዳለበት ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ከውጭ አገር እንግዳ ይዘው ከሆነ ግን አስቀድመው ያሳስቡ።

ከካቴድራሉ ጥቂት እልፍ ሲሉ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያገኛሉ። ሰፊ ስለሆነ ከአዛውንት ጋር አንድ ሰዓት አይበቃውም፤ ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል ባይ ነን። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳ ብዙ ስለተለወጠች፣ አባትዎ በወጣትነታቸው ያወቋቸውን ሱቆችና ሰገነት ያላቸውን አሮጌ ቤቶች ፈልገው ቢያጡ አይደንግጡ። «እዚህ ጋ የነበረው ኬክ ቤትስ?» ብለው ቢጠይቁዎት መልሱን ለማግኘት ቆም ብሎ ሰፈርተኛ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ በአስጎብኚ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ብዙ ወሬ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት አይተው ይውረዱ። ሕንፃውን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፈ ኢጣሊያዊ አርክቴክት ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ የጎዳናው ሌላ ጫፍ፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ፣ ከሩቅ ይታያችኋል። ትግላችን ሐውልትንና ብሔራዊ ቴአትርን በመንገዳችሁ አግኝታችሁ ለገሃር ላይ ሞዓ አንበሳ ዘንድ ጉዟችሁን መጨረስ ትችላላችሁ። ስለ እርሱ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መልስ ያንብቡልን።

ጥያቄ (ከጉለሌ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ የታሪክ መምህራችን ዘርዓይ ደረስ ሮም ውስጥ ያየው አንበሳ አሁን አዲስ አበባ መሆኑን ነገሩን። ግማሾቻችን ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ነው አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ነው አልን። ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ ልጃችን፣ ማንም አላሸነፈም። በጥያቄህ ደስ ብሎናል፤ ብዙ አዋቂዎችም የሚሳሳቱት በዚሁ ነው። መሐል አዲስ አበባ በትንሹ ሦስት የተለያዩ የአንበሳ ሐውልቶች አሉ፤ አንበሳ አውቶቡስንና የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ሳንቆጥር ማለታችን ነው።

ወደ ሮም የተወሰደው ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው ሞዓ አንበሳ ነው። ዘውድ የደፋ፣ በፊት እግሩ መስቀል የያዘ፣ ወርቃማ አንበሳ ነው፤ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራጺ ዦርዥ ጋርዴ ሲሆን፣ የተመረቀውም ልክ እንደ ምኒልክ ሐውልት በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ኢጣሊያኖች ከተማይቱን ሲይዙ ይህን አልቀበሩትም፤ ጭነው ወሰዱት። ሮም ላይ የተተከለበትን ቦታ ልብ በል፤ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱ ወታደሮቻቸው ካቆሙት ሐውልት ሥር ነበር። ዶጋሊ ራስ አሉላ ጥር 1879 ዓ.ም. አምስት መቶ ያህል ወታደር ያለውን የኢጣሊያ ጦር የደመሰሱበት ቦታ ነው። እግረ መንገዳችንን፣ 1879 እቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» ብለው የሰየሟት ከተማ የተቆረቆረችበትም ዓመት ነው፤ አንበሳው ከአዲስ አበባ ተወስዶ በከተማይቱ የልደት ዓመት የተሸነፉ ወታደሮች መታሰቢያ ማስጌጫ መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ዘርዓይ ደረስ በሰኔ ወር 1930 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ጎራዴ መዝዞ የተነሣው በዚሁ አንበሳ አጠገብ ነው። ስለ ዕለቱ ዝርዝር ነገር በአገራችን የሚተረከውና በኢጣሊያ መዛግብት የሚገኘው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁለቱም የሚስማሙበት ግን ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ብቻውን መነሣቱንና ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1937 ዓ.ም. ኢጣሊያ ውስጥ መሞቱን ነው። አንበሳው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ከተሰደደ በኋላ ተመልሶ እንደገና በባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ። የአክሱም ሐውልት ሲመለስ በቴሌቪዥን ያየው ሰው ብዙ ነው፤ አንበሳው ግን ከአክሱም ሐውልት ብዙ ዓመት ቀድሞ መመለሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው የለም። እርሱ ሞሪስ ካልካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቀራጺ ለ25ኛው የንግሥ በዓል፣ ማለትም በ1948 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተከበረው የብር ኢዮቤልዩ፣ የሠራው ነው። ቴአትር ቤቱም በዚያው በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ነው የተከፈተው። ካልካ የሚያገሳ የጫካ አንበሳ አልቀረጸም፤ ሽቅብ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከአንበሳነቱ ይልቅ የግንብ አምድነቱ የሚጎላ፣ በዘመኑ አነጋገር «አዲስ ስልት» የሚባል ሥራ ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በልጅነቱ ሐውልቱ ሥር ቆሞ ፊቱን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ ሲያጥፍ ባርኔጣው ወድቆ በመኪና ጎማ ስለ ተደፈጠጠበት እስከ ዛሬ ያን አንበሳ በቅሬታ ነው የሚያልፈው።

ሦስተኛው፣ የስድስት ኪሎው፣ ከሁሉ ያነሰና ከሁሉ የሚያስገርመው ነው። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የብሔረሰቦች ሙዚየም የሚገኝበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች የሠሩት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የነገሠበትን ዓመት የሚቆጥር ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከመምህርህ ጋር ሄዳችሁ እርከኖቹን ብትቆጥሩ መልካም ነው፤ አንድን ድል በሌላው ቁጥር ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ይገባችኋል።

ጥያቄ (ከአየር ጤና)፦ «ለገሃር» ኦሮምኛ ነው ይላሉ፤ እንደ ለገጣፎ። እውነት ነው?

መልስ፦ አመክንዮው ያምራል፤ በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ማለት ስለሆነ ለገጣፎና ለገዳዲ ከዚያ መጡ። ለገሃር ግን ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። ፒያሳና ካዛንቺስ ደግሞ ከኢጣሊያንኛ መጡ፤ ፒያሳ ራሷ በቀድሞ ስሟ አራዳ ናት፤ አሁንም ሽማግሌዎች «አራዳ ጊዮርጊስ» ሲሉ ይሰማሉ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በመሥሪያ ቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዱ የሥራ ባልደረባችን የአራት ኪሎው ሐውልት የሰማዕታት ነው አለ፤ ሌላዋ የስድስት ኪሎው ነው አለች። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለቱም የ1937 ናቸው» ብሎ ግራ አጋባን። እባካችሁ ገላግሉን።

መልስ፦ ሴትየዋ ልክ ናት። ሦስተኛው ባልደረባ የተሳሳተው በዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ እርሱን እናስተካክል። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የእኛ ዓመት ላይ 7 ሲደመር፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ደግሞ 8 ሲደመር የፈረንጁ ዓመት ይገኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 በፈረንጅ የካቲት 19 ቀን 1937 ነው። የአራት ኪሎው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ በፈረንጅ ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው። «1937» ተብሎ የተጻፈ የውጭ ጽሑፍ ሲያነብ ባልደረባችሁ የእኛ 1937 መስሎት ይሆናል።

የአራት ኪሎው የድል ሐውልት ነው። ኢጣሊያ አዲስ አበባ የገባችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ሲሆን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማይቱ የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ቀድሞ በመጋቢት ወር መጨረሻ ይዟት ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበት ዕለት ይህ መሆኑ፣ ቀኑ ሆን ተብሎ እንደ ተጠበቀ ለመገመት ያስችላል። አደባባዩም በዚህ ምክንያት ሚያዝያ 27 አደባባይ ይባላል፤ አሁንም በየዓመቱ በዓሉ ሲከበር አበባ የሚቀመጠውና አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው የሚታዩት እዚያ ነው።

የስድስት ኪሎው የካቲት 12 አደባባይ ላይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ነው። ታሪኩም ከአደባባዩ እጅግ ቅርብ ነው። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ የኢጣሊያ ልዑል አልጋ ወራሽ ልጅ በመወለዱ ምክንያት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች የእጅ ቦምብ ወረወሩበት፤ ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ «ጥቁር ሸሚዞች» የሚባሉት የፋሺስት ሚሊሻዎችና ሌሎችም ታጥቀው በከተማው ሁሉ ተሠማሩ፤ ለሦስት ቀን ሰው ያለ ልዩነት ተገደለ፣ ቤትም ከነሰው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የቆጠረው የሟች ብዛት 30,000 ነው። የቤተ መንግሥቱ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቦምቡ የተወረወረበት ቦታና ሐውልቱ የሚለያዩት በአጭር እርምጃ ነው።

ሐውልቱን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ናቸው፤ ከማርሻል ቲቶ ጋር የነበረው ወዳጅነት ውጤት ነው። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። ነገር ግን ስለ ቁመቱ ብዙ አናውራ፤ ይህን ሐውልት ከታች ነው የሚያነቡት። ከመንገዱ ማዶ በጣም ብዙ ሰው ቀና ብሎ ጫፉን አይቶ ያልፋል። ቀረብ ብሎ የነሐስ ቅርጾቹን የሚያይ ግን የወደቁ ሰዎችን፣ የሚያለቅሱትን፣ አስከሬን የሚሸከሙትን ያገኛል። ፊቶቹ የባላባት ወይም የጦር አበጋዝ ፊት አይደሉም፤ የሰፈር ሰው ፊት ናቸው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ አንድ ማለዳ ከቅርጾቹ አጠገብ ቆሞ ሳለ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲሳለሙት አይቷል። ከእርሳቸው ጋር መነጋገር አልደፈረም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ለክርክሩ ይህን ቢይዝ ይበቃል፦ የአራት ኪሎው የመመለስ ቀን ነው፣ የስድስት ኪሎው የመገደል ቀን። ሚያዝያ 27 ሕዝባዊ በዓል ነው፤ የካቲት 12 ግን ሥራ አይዘጋም፤ በመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይታሰባል።

ጥያቄ (ከአዲሱ ገበያ)፦ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነሥቶ ተመልሷል። አሁን ያለው ዋናው ነው ወይስ ቅጂ? ለምንስ ተነሣ?

መልስ፦ ዋናው ነው። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. የተነሣው ለቀላል ባቡሩ ሥራ ነው፤ ሰሜንና ደቡብን የሚያገናኘው መስመር በዚያ አካባቢ ከመሬት በታች ስለሚያልፍ ቁፋሮው በሐውልቱ ሥር ነበር። ባቡሩ በ2008 መስከረም ሥራ ጀመረ፤ ሐውልቱም በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «እንደ ወጣ ቀረ» ብሎ ይፈራ ነበር፤ ለዚህ ከተማ ሰው ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ አርበኞች ከተማይቱን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ማግሥት ተይዘው፣ ሕዝቡ ለኢጣሊያ እንዳይገዛ ገዝተው፣ በጥይት ተረሸኑ። ሐውልቱ ከነበረበት ለጥቂት ዓመታት ሲጠፋ ታክሲ ረዳቶች መውረጃውን «አቡነ ጴጥሮስ» ማለታቸውን አላቆሙም፤ ስሙ ከሐውልቱ ይልቅ ከቦታው ተጣብቋል።

ጥያቄ (ከላፍቶ)፦ አክስቴ የአፄ ምኒልክ መቃብር ሥላሴ ካቴድራል ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ በዓታ ነው ብዬ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አክስትዎን በክብር ያርሙልን፤ ትክክለኛው በዓታ ነው። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በመጀመሪያ በግቢው ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አስከሬናቸው ተቀመጠ፤ ኋላ ልጃቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ምድር ቤት ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አረፉ። ዘውዲቱም እዚያው ናቸው። አክስትዎ የተሳሳቱት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ይመስለናል፤ የእርሳቸው አፅም ከተገኘ በኋላ ለዓመታት በዚሁ በበዓታ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተዛውሮ ነው ዛሬ በሚታየው የድንጋይ ሣጥን ውስጥ ያረፈው። እንግዲህ የሁለቱም ንጉሠ ነገሥታት መቃብር እንደ ሐውልቱ ሁሉ ቦታ ቀይሯል።

ሥላሴ ከሄዱ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለውን የሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር ሳያዩ አይመለሱ። የኢጣሊያን ወረራ በእንግሊዝ ጋዜጣ እያተመች ስትቃወም የኖረች፣ በመጨረሻ ዘመኗም አዲስ አበባ መጥታ የኖረች ሴት ናት፤ በ1953 ዓ.ም. ስታርፍ ከአርበኞች መካከል ተቀበረች። የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንና የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መቃብርም በዚያው ግቢ ነው።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ልጄ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ እውነተኛዋ ናት ወይ ብሎ ጠይቆኝ መመለስ አቃተኝ።

መልስ፦ በማሳያው ያለችው ቅጂ ናት፤ ዋናው አጥንት በዚያው በሙዚየሙ በጥንቃቄ ተቀምጧል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ስትሆን፣ የተገኘው 40 በመቶ ያህል አፅሟ ነው። እርሷም ተጓዥ ናት፤ ከ1999 መጨረሻ እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ነበረች፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ወደ ፕራግ ሄዳ ነበር። ልጅዎ ቅጂ ነው ሲሉት ቅር ካለው፣ ከሰላም ጋር ያስተዋውቁት፤ ሰላም በዲኪካ የተገኘች 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን ስለሆነች ለእርሱ ዕድሜ ትቀርበዋለች።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ የሌኒን ሐውልት ፈረሰ፤ ትግላችን ግን ቀይ ኮከቡን አናቱ ላይ እንደ ያዘ ቆሟል። ለምን?

መልስ፦ የሌኒን ሐውልት ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የተመለከቱ ሰዎች አሁንም በመካከላችን አሉ። ትግላችንም የዚያው ሥርዓት ሥራ ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በ1977 መጀመሪያ ሲከበር የተመረቀ፣ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ፣ 50 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ነው። የቆየበትን ምክንያት ወርደው ግቢውን ሲያዩ እንደሚረዱት እናምናለን፤ ሐውልቱ በሶማሌ ጦርነት የሞቱ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ የኩባውያኑ ፎቶግራፎችም በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ባሉበት አገር የሙታን ፎቶግራፍ ያለበትን ግድግዳ ማፍረስ ከአንድ ሰው ሐውልት ማፍረስ ይለያል። ኮከቡን የማይወድ ሰው ኮከቡን ትቶ ፎቶዎቹን ይመልከት፤ በዚያ ጦርነት ዘመን የተወለደው የዚህ ዓምድ አዘጋጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ በአንድ ታሪካዊ ቦታ ፎቶ ሳነሣ ጥበቃው ስልኬን ነጥቆ ሁሉንም ፎቶ አስጠፋኝ። መብት አለው?

መልስ፦ ቦታው የት እንደሆነ ስላልጠቀሱልን በዚያ ላይ ፍርድ አንሰጥም። በመሐል ከተማው ግን ብዙዎቹ ሐውልቶች ከቤተ መንግሥት፣ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከወታደራዊ ግቢ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ፎቶው ውስጥ ሐውልቱ ብቻ እንዲገባ አድርጎ መቆም የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው፣ ከማንሣት በፊት ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ ነው፤ «ጋሼ፣ ሐውልቱን ብቻ ላንሣ?» ሲባል የሚከለክል ጥበቃ አጋጥሞን አያውቅም ማለት ባንችልም፣ ብዙውን ጊዜ «ከዚህ ጋር ቆመህ አንሣ፣ ጥላው አይገባብህም» ብሎ ራሱ ቦታ ያሳያል። የጠፉብዎትን ፎቶዎች ግን በስልክዎ የተሰረዙ ፎቶዎች ማኅደር ውስጥ ይፈልጓቸው፤ ብዙ ስልኮች ለ30 ቀን ያህል ያቆዩአቸዋል።